የልጅሽን ሜዳሊያ ፖስት ያላደረግኩት ለዚህ ነው

ባለፈው እሁድ ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ፎቶ ላከችልኝ። ልጇ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። አንገቱ ላይ በቀይ ጥብጣብ የተንጠለጠለ ወርቅማ ሜዳሊያ፣ እጁ ላይ "ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ" የሚል ሰርተፍኬት። ፈገግታው ደስ ይላል። "ቲቸር፣ የእርስዎ የልጅ ልጅ ማለት ነው፤ ፔጅዎ ላይ ፖስት ያድርጉልኝ፣ ይኩራ" አለችኝ።

አላደረግኩትም። ሁለት ቀን ዝም አልኳት። በሦስተኛው ቀን "ምነው ቲቸር፣ ደስ አላለዎትም እንዴ?" ብላ ጻፈች። እውነት ለመናገር አፈርኩ። መልሱ በኢንቦክስ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ጥያቄውም የእሷ ብቻ ስላልሆነ፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከአሁኑ ልናገር፦ ከልጁ ጋር ጠብ የለኝም። ከእናቱም የለኝም። ጠቤ ሜዳሊያውን ከሸጡላቸው ሰዎች ጋር ነው። ከእነሱም በፊት ከራሴ ጋር።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ ውስጥ ነው፤ የመጡት 7 አገሮች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ይሳተፉበታል። ከአንድ አገር የሚሄዱት ቢበዛ 6 ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ20 በታች፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ። ፈተናው 2 ቀን ነው፤ በቀን 3 ጥያቄ፣ ለ3ቱ ጥያቄ አራት ሰዓት ተኩል። እያንዳንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ፣ ድምሩ 42። ካልኩሌተር የለም። ልጁ ማስመሪያና ኮምፓሱን፣ እስክሪብቶውንና ጭንቅላቱን ይዞ ይገባል፣ በቃ።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ማንም ወላጅ ከፍሎ ልጁን አያስገባም። ልጁን የሚመርጠው አገሩ ነው። ማደሪያና ምግቡን አስተናጋጁ አገር ይችላል፤ የጉዞውን ወጪ ተሳታፊው አገር። ሁለተኛ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚባል ምርጫ የለም። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ "አረጋግጥ" ይላል፤ "ፈልግ" ቢልም እንኳ መልሱን ብቻ ጽፎ መውጣት አይበቃም። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማስረዳት አለብህ። ነጥብ የሚሰጠው ለምክንያቱ ነው። ጥያቄውን ደግሞ ልጁ በሚፈልገው ቋንቋ ማግኘት ይችላል፤ የቡድን መሪዎቹ ይተረጉሙታል። በአማርኛም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሜዳሊያውስ? ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሜዳሊያ ያገኛሉ፤ ወርቅ፣ ብርና ነሐሱ 1 ለ2 ለ3 በሚጠጋ መጠን ይከፈላል። እነዚህ ከየአገሩ የተለቀሙ ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም ግማሹ ባዶ አንገቱን ይመለሳል። ከሜዳሊያ የቀረ ልጅ አንዷን ጥያቄ 7 ከ7 ከሠራ የክብር ወረቀት ይሰጠዋል። አያችሁ? አንዲት ጥያቄን ጥንቅቅ አድርጎ መሥራት በራሱ ክብር ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ።

ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ዘናጭ ሰውዬ ባነርና በራሪ ወረቀት ይዞ መጣ። "ዓለም አቀፍ" ውድድር ነው አለ። ለአንድ ተማሪ 400 ብር። 25 የምርጫ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት። አስተባባሪ መምህር ያስፈልጋል፤ አስተባባሪው ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ልጅ 50 ብር ያገኛል። አስተባባሪው ማን ሆነ? እኔ።

አዎ፣ እኔ። ስም ዝርዝር ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። "ወላጆቻችሁን ንገሩ፣ ዕድሉ እንዳያመልጣችሁ" አልኩ። 41 ልጅ መዘገብኩ። 41 ሲባዛ በ50፣ 2,050 ብር። ያን ጊዜ ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ የቤት ኪራይ ላይ ጨመርኩበት።

ውጤቱ መጣ። ከ41ዱ 38ቱ ሜዳሊያ። 17ቱ ወርቅ! ሰልፍ ላይ ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ የወላጆች እልልታ። እኔም መሐል ገብቼ ተነሳሁ። ያ ፎቶ አሁንም ከዚህ ፔጅ ታች አለ፤ አላጠፋሁትም፣ አላጠፋውምም።

በማግስቱ 9ኛ ክፍል ገባሁ። ከ17ቱ ወርቆች 9ኙ እዚያ ክፍል ነበሩ። እነዚህን ልጆች ለእውነተኛው ማዘጋጀት አለብኝ ብዬ በቅን ልብ ተነሳሳሁ። ከመጀመሪያው ኦሊምፒያድ፣ ከ1959ኙ፣ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦

ነ የትኛውም የመቁጠሪያ ቁጥር ቢሆን፣ (21ነ + 4) / (14ነ + 3) የሚለው ክፍልፋይ ሊቃለል እንደማይችል አረጋግጥ።

ዝምታ። ከዚያ አንደኛው የወርቅ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ምርጫዎቹስ?"

ሳቅ አይደለም የመጣብኝ። ምርጫ የለውም ስለው ፊቱ ላይ ያየሁትን ግራ መጋባት እስካሁን አልረሳውም። እሱ ሰነፍ አልነበረም። ማንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ምርጫ የሌለው ሒሳብ አሳይቶት አያውቅም።

ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ዝም ብላ ደብተሯ ላይ ስትሞነጫጭር ቆየች። ይህች ልጅ ከ41ዱ ውስጥ አልነበረችም። በምዝገባው ሰሞን ቢሮ ድረስ መጥታ "ቲቸር፣ ሳልመዘገብ ጥያቄውን ብቻ ማየት እችላለሁ?" ብላኝ ነበር። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? "አይቻልም፣ የከፈለ ብቻ ነው።" አንገቷን ደፍታ ወጣች። 400 ብር አልነበራትም፤ የፈለገችው ደግሞ ሜዳሊያውን ሳይሆን ጥያቄውን ነበር። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ ባዩ፣ ጥያቄ ለማየት የለመነችኝን ልጅ መለስኳት።

"ቲቸር፣ አንዴ ይዩልኝ" አለችኝ። ደብተሯ ላይ እንዲህ ጽፋለች። ነ 1 ሲሆን 25 እና 17። ነ 2 ሲሆን 46 እና 31። ነ 3 ሲሆን 67 እና 45። ከዚያ ላዕሉን በ2፣ ታህቱን በ3 አባዝታለች፦ 50 እና 51። 92 እና 93። 134 እና 135። "ሁልጊዜ በ1 ብቻ ነው የሚበላለጡት" አለችኝ።

"ሁልጊዜ መሆኑን በምን አወቅሽ? የሞከርሽው 3 ቁጥር ነው" አልኳት። ትንሽ አሰበች። በ ነ ራሱ ሠራችው፦ 2 ሲባዛ በ(21ነ + 4) 42ነ + 8 ይሆናል። 3 ሲባዛ በ(14ነ + 3) 42ነ + 9 ይሆናል። ልዩነታቸው 1። "ስለዚህ ሁለቱንም እኩል የሚያካፍል ቁጥር ካለ ይህን 1ንም ማካፈል አለበት። 1ን የሚያካፍለው 1 ብቻ ነው። አይቃለልም ማለት ነው።"

ያለቀለት መልስ። ሌላ የሚጨመርበት የለም። ክፍሉ ውስጥ 9 ወርቅ አለ፤ ኦሊምፒያድ የሠራችው ግን አንገቷ ባዶ የነበረው ናት።

እንግዲህ እኔን የለወጠኝ ይህ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አስተባባሪ ሆኜ አላውቅም።

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ፤ አንድ በአንድ እንሂድ።

"ቲቸር፣ ሜዳሊያው እኮ ልጁን ያበረታታዋል።" እስከ መቼ? ያ "ምርጫዎቹስ?" ያለው ልጅ ከሳምንት በኋላ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። "ቲቸር፣ እኔ ሒሳብ የምችል ይመስለኝ ነበር።" አያችሁ፣ ለ8 ዓመት ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ "የዓለም ወርቅ" ስትሰጡት፣ 15 ሲሞላው የመጀመሪያዋ ከባድ ጥያቄ ስትመጣ የሚያስበው "ጥያቄው ከባድ ነው" ብሎ አይደለም። "ለካ ደደብ ነኝ" ብሎ ነው። ሒሳብ ደግሞ አብዛኛው ሥራው አለመቻል ነው። ቴሬንስ ታኦን የሚያህል ሰው፣ የኦሊምፒያድ ወርቅ በማግኘት በታሪክ የሁሉ ታናሽ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያው ወርቅ ባገኘበት ውድድር 6ኛዋ ጥያቄ ላይ ከ7 ያገኘው 1 ነው። አልቻላትም። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ነው። አለመቻልን ያልለመደ ልጅ ሒሳብን አለመደም።

"ይሄ ቅናት ነው፤ ዲፕሎማህን ይዘህ ስለ ዓለም ኦሊምፒያድ ታወራለህ?" ይህን ኮሜንት የሚጽፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔው ጻፍኩለት። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ከላይ ያለችውን ጥያቄ ለማየት ግን ዲግሪም ዲፕሎማም አያስፈልግም፤ 9ኛ ክፍል ይበቃል። ስህተት ካገኘህባት ስህተቱን ጻፍልኝ። የሒሳብ ደጉ ነገር እኮ ይሄ ነው፤ ማን እንደተናገረው አይጠየቅም፣ ትክክል መሆኑ ነው የሚጠየቅ።

"እውነተኛውም ኦሊምፒያድ የሀብታም አገሮች ጨዋታ ነው።" እንደዚያ ብሎ መተው ይቀላል። ቬትናም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ አገሪቱ ጦርነት ላይ እያለች። 5 ልጆች ላከች፤ 1 ወርቅ፣ 1 ብር፣ 2 ነሐስ ይዘው ተመለሱ። ኢራናዊቷን ማርያም ሚርዛካኒን ውሰዱ። በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመቷ ሒሳብ ላይ ደካማ ነበረች፤ አስተማሪዋም የተለየ ችሎታ አላት ብለው እንዳላሰቡ ራሷ ተናግራለች። በቀጣዩ ዓመት የሚያበረታታ መምህር አገኘች። ቆይቶ ከጓደኛዋ ጋር ሆነው ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ሄደው "ለወንዶቹ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የጥያቄ አፈታት ትምህርት ለእኛም ይሰጠን" አሉ። የኢራን ቡድን ውስጥ ሴት ልጅ ገብታ የማታውቅበት ጊዜ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ግን እሺ አሉ። ሚርዛካኒ በ1994 እና በ1995 ወርቅ አገኘች፤ በሁለተኛው 42 ከ42። በ2014 ደግሞ ፊልድስ ሜዳሊያን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ታሪኩ ውስጥ ገንዘብ የት አለ? አንድ ያበረታታ መምህር አለ፤ "እሺ" ያሉ ርዕሰ መምህር አሉ። ያን ዕለት ቢሮ የመጣችውን ልጅ እኔ "የከፈለ ብቻ ነው" ነው ያልኳት። ልዩነቱ ይሄ ነው።

አፍሪካም ከዚህ የራቀች አይደለችም። የአፍሪካ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። ዓለም አቀፉም በ2014 ኬፕታውን ላይ ተካሂዷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር።

"አሁን እኮ ኤአይ አለ፤ ልጆቹን ለምን እናደክማለን?" እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የጎግል ዲፕማይንድና የኦፕንኤአይ ሲስተሞች በዚያ ዓመት የኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ላይ 35 ከ42፣ የወርቅ ደረጃ ያለው ውጤት ማምጣታቸው ተነግሯል። 5 ጥያቄ ፈቱ፤ 6ኛዋን ሁለቱም አልቻሏትም። ታዲያ ምን ይሁን? መኪና ከሰው ይፈጥናል፤ ልጆቻችን ግን መሮጥ አላቆሙም። እንዲያውም ከዛሬ ጀምሮ ማሽን ደርድሮ የሚሰጠንን ምክንያት ትክክል ነው ወይስ ውሸት ብሎ የሚመረምር ሰው ካላፈራን፣ ማሽኑ ያለንን ሁሉ አሜን እያልን ልንኖር ነው። መልስ ማጥቆር ብቻ የለመደ ልጅ ያን ጊዜ ምን ሊሆን ነው?

ስለ ማጥቆር ካነሳን አይቀር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆቻችን 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። ሁላችንም ያኔ ደንግጠን ጮኸን። ኩረጃው ሲቆም እርቃናችን ታየ አልን። ግን አስቡት፤ በየሰፈሩ ያ ሁሉ "ዓለም አቀፍ ወርቅ" የተሸለመ ልጅ እያለ እንዴት ነው 100 ተፈታኝ ተቀምጦ 3ቱ ብቻ የሚያልፉት? ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ ለእናንተ እተዋለሁ።

ደግሞ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። በክፍያ የሚካሄድ ውድድር ሁሉ ማጭበርበር ነው አላልኩም። ጥሩ ጥያቄ የሚያወጡ፣ ልጅን የሚያስቡ አሉ። መለየቱ ግን የእናንተ የወላጆች ሥራ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንድ፦ ያለፈው ዓመት ጥያቄ ከነመልሱ የት አለ? ካላሳዩአችሁ ተመለሱ።
ሁለት፦ ልጄ የሠራበት ወረቀት ታርሞ ይመለስልኛል? ካልተመለሰ ልጁ ምን ተማረ?
ሦስት፦ ከተፈተኑት ስንቱ ሜዳሊያ ያገኛል? ሁሉም ከሆነ ሜዳሊያውን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ።
አራት፦ ልጁን የሚመዘግበው መምህር በነፍስ ወከፍ ስንት ያገኛል? ይህን እኔም አንድ ጊዜ ብጠየቅ ኖሮ ደግ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።
አምስት፦ መክፈል የማይችል ልጅ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

ለባልደረቦቼ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር። ደሞዙን አውቀዋለሁ፤ ኑሮውንም አውቀዋለሁ፤ እኔም ኖሬበታለሁና 50 ብር የወሰደውን አልኮንንም። ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 15 ደቂቃ፣ አንዲት ምርጫ የሌላት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ገንዘብ አይጠይቅም። ጠመኔ አለን። ልጆቹ ሲሳሳቱ አትቸኩሉ። በሌላ መንገድ የሠራ ልጅ ሲመጣም "እኔ እንዳሳየሁህ ሥራ" አትበሉት። ስንት ልጅ በዚህች ዓረፍተ ነገር እንደገደልን እግዜር ይወቀው።

እኔ በበኩሌ እዚህ ፔጅ ላይ ሁልጊዜ አርብ ማታ አንዲት "አረጋግጥ" የምትል ጥያቄ እለጥፋለሁ። ነፃ ናት። ሜዳሊያ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አካባቢዬ ያሉ ልጆች መጥተው ይሠራሉ፤ የማንም ትምህርት ቤት ተማሪ ይሁኑ፣ መታወቂያ አልጠይቅም።

የመጀመሪያዋ ዛሬውኑ ትሁን፤ ያችው ታኦን 1 ያስገኘችው የ1988ቷ 6ኛ ጥያቄ። ሀ እና ለ ከዜሮ የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። (ሀ² + ለ²) ለ(ሀ × ለ + 1) ሲካፈል ያለ ቀሪ የሚደርስ ከሆነ፣ ድርሻው ሁልጊዜ የአንድ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር መሆኑን አረጋግጡ። 2 እና 8ን ሞክሩ፦ 68 ሲካፈል ለ17፣ 4። 3 እና 27ን ሞክሩ፦ 738 ሲካፈል ለ82፣ 9። 8 እና 30ን ሞክሩ፦ 964 ሲካፈል ለ241፣ 4። ይገርማል አይደል? ግን ሺህ ምሳሌ ማረጋገጫ አይሆንም። "ለምን?" ነው ጥያቄው። ጎግል እንዳታደርጉ። አንድ ሳምንት ታገሏት፤ አለመቻላችሁ አያሳፍርም።

ያቺ የሦስተኛው ረድፍ ልጅ 10ኛ ክፍልን እንደጨረሰች ቤተሰቦቿ ከተማ ቀየሩ። አድራሻዋ የለኝም። ይህን የምታነቢ ከሆነ፦ "የከፈለ ብቻ ነው" ያልኩሽን ይቅር በይኝ። ጥያቄው የአንቺ ነበር።

ወደ አንቺ ልመለስ፣ ፎቶውን ወደላክሽልኝ። ልጅሽን ፖስት አደርገዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ሜዳሊያውን አታውልቂበት፣ ልጅ ነውና ደስ ይበለው። ግን አንድ እፍኝ ባቄላ ስጪውና እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ "ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ስትደምር ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር የሚመጣው ለምንድን ነው?" አትንገሪው። ሁለት ቀን ይፍጅበት፣ ሳምንትም ይፍጅበት። በባቄላው እያሳየ ምክንያቱን በራሱ አፍ ሲያስረዳሽ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪልኝ።

እሱን ነው ፖስት የማደርገው።